ኤሊስ ደሴት ስትሄዱ ጣሪያውን እዩ

ኒውዮርክ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የነፃነት ሐውልትን ካላየሁ ይላል። በዚያው የጀልባ ቲኬት፣ ድሮ አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞች ይመዘገቡባት የነበረችው ኤሊስ ደሴትም መውረድ እንደሚቻል ብዙው ሰው ልብ አይልም። እዚያ ያለው የስደተኞች ሙዚየም ተጨማሪ አያስከፍልም። በኔ ግምት ከሐውልቷ ይልቅ እሱ ይበልጣል።

ትልቁ የምዝገባ አዳራሽ ስትገቡ ቀና በሉ። ቅስት ጣሪያው በሰያፍ የተሰካኩ ስስ ሸክላዎች ነው። የሠራው የጓስታቪኖ ቤተሰብ ኩባንያ ነው። አባትየው ራፋኤል ጓስታቪኖ ትንሹን ልጁን ይዞ ከስፔን የተሰደደው በ1881 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዝኛው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሙያ ግን ነበረው፦ ስስ ሸክላ ቶሎ በሚደርቅ ማጣበቂያ እያነባበሩ ቅስት መገንባት። ከባድ የእንጨት ድጋፍ አይፈልግም፣ እሳትም አይበላውም። የእሳት አደጋ ላስመረራቸው የአሜሪካ ከተሞች ይሄ ሁነኛ መላ ነበር።

አባትየው በ1908 ሲሞት ስሙን የወረሰው ልጁ ሥራውን ቀጠለ። የአዳራሹ የድሮ ጣሪያ በ1916 አቅራቢያው በደረሰ የጥይት ማከማቻ ፍንዳታ ተጎዳ፤ እነሱም በ1918 ይሄንን ሠሩ። በ1980ዎቹ ሲታደስ ከ28,832 ሸክላዎች መቀየር ያስፈለጋቸው 17 ብቻ ነበሩ። አሥራ ሰባት! የኔ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ዓመት ሳይሞላው ነው መርገፍ የጀመረው።

ኩባንያው በ1962 ተዘግቷል። ሥራው ከተማው ውስጥ ሌላም ቦታ አለ፤ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ምድር ቤት ያለውን ኦይስተር ባር የተባለ ምግብ ቤት ማየት ይቻላል።

ጠዋት በመጀመሪያው ጀልባ ሂዱ። ረፈድ ካለ ሰልፉ አይጣል ነው። ምሳም ቋጥሩ።