ባለ ሦስት ክንዱ ፑለር፣ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን የፑለር (ኩሽኔታና ፑሊ ጎትቶ የሚነቅል መሣሪያ) ሳጥን ከገዛሁት ስምንት ወር ሆነው። ከሁለት ወር በፊት ብትጠይቁኝ «ጥሩ ዕቃ ነው» ብዬ አልፍ ነበር። ሁለት ሦስት ኩሽኔታ ነቅዬበታለሁ፤ እሺ ብሎ ሠርቷል። በቃ፣ ስለ ደጉ ዘመን ይህን ያህል ይበቃል።

ነገሩ የመጣው በዘይት ነው። ጠዋት ጠዋት መኪናዬ ሥር የሳንቲም ስፋት ያላት ጠብታ አገኝ ጀመር። ሳምንት ሳይሞላት የሻይ ሲኒ ማስቀመጫ አከለች። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የላይኛውን የሞተር ክዳን ጓርኒሲዮን ነበር፤ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነውና። ሞተሩን አጥቤ፣ አድርቄ፣ አስነስቼ ጠበቅኩ። ዘይቱ ከላይ አልወረደም። የወጣው ከክራንክ ሻፍቱ ፑሊ ጀርባ ነው፤ በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ ካለው፣ ቤልቱን ከሚያዞረው ክብ ማለቴ ነው። ፑሊው ሲሽከረከር እየበተነው የኮፈኑን ሆድ ሳይቀር በቀጭን መስመር ቀብቶታል። ይህን መስመር ያየ ሰው ሌላ ቦታ ባይደክም ጥሩ ነው፤ ያለቀው የፊተኛው ኦይል ሲል ነው።

ሲሉ ራሱ ዘይት በሻፍቱ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚዘጋ የጎማ ቀለበት ነው፣ እዚህ ግባ የማይባል። እሱ ጋ ለመድረስ ግን ፑሊው መውጣት አለበት። ቤልቱን አወረድኩ። የመሐሉን ቡሎን በረጅም ቱቦ ታግዬ ፈታሁት። ፑሊው ግን ንቅንቅ አላለም። ዝገቱ ከሻፍቱ ጋር አጋብቶታል።

«ለዚህማ ፑለር አለኝ!» አልኩ። ሦስቱን ክንዶች የፑሊው ጠርዝ ላይ አጠመድኩና የፑለሩን የመሐል ቡሎን ማጥበቅ ጀመርኩ። ከበደኝ፣ ጨመርኩ። ድንገት ላላ አለ። ልቤ ወለል አለ! ጎንበስ ብዬ ሳይ የመጣው የውጭው ቀለበት ብቻ ነው። እምብርቱ ከነበረበት አልተነሣም። በመሐላቸው ያለው ጎማ ተቀዶ ጫፉ እንደ ምላስ ወጥቷል።

ብዙ የክራንክ ፑሊዎች አንድ ወጥ ብረት አይደሉም። እምብርቱና የውጭው ቀለበት በጎማ የተያያዙ ናቸው፤ የሻፍቱን ንዝረት የሚውጠው ያ ጎማ ነው። ጠርዙን ይዞ መጎተት ጎማውን መቅደድ ነው። ይህን ዛሬ አውቃለሁ።

ሻጩ ቢሰማ ምን እንደሚለኝ ይታወቀኛል። «ወንድሜ፣ ማን ጠርዙን ጎትት አለህ?» ኧረ ባክህ! ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ምንድን ነው? ሦስት ክንድ፣ አንድ ፑሊ፣ ክንዶቹም ጠርዙን ይዘው! «ለሁሉም ይሆናል» ያልከኝስ አንተ አይደለህም? ያን ማታ ሳጥኑን አንስቼ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ጭራሽ የአንዱ ክንድ ጫፍም ተጣሟል።

በማግስቱ ዕቃውን ልመልስ ስል ከስፖንጁ ሥር አንድ ወፍራም ብረት ወጣ። ረዣዥም ቀዳዳዎች አሉት፤ አጠገቡ አንድ ከረጢት ቡሎን አለ። ከገዛሁት ጀምሮ አልነካሁትም። የመሪ መንቀያ ነው ብዬ፣ ሳጥን ለማሟላት የገባ መስሎኝ ነበር። ወደ ፑሊው ተመልሼ በባትሪ ሳይ እምብርቱ ላይ በቆሻሻ የተደፈኑ፣ የቡሎን ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነበር እኮ የቀደድኩት።

ቀዳዳዎቹን በምስማር ጠረግኩ፤ ዝገት መፍቻ ነፍቼ አሳደርኩ። ከከረጢቱ ሁለት ቡሎን ገጠመልኝ። በዚያ ወፍራም ብረት ቀዳዳዎች አሳልፌ፣ በእጅ እየጠመዘዝኩ በደንብ አስገባኋቸው፤ ግን ከጀርባው ያለውን ሽፋን እንዳይነኩ እየለካሁ። የክራንኩን ቡሎንም ብዙ ጥርስ አስይዤ፣ ጥቂት ክፍተት ብቻ ትቼ መለስኩት፤ የፑለሩ ጫፍ የሻፍቱን ጥርስ እንዳያበላሽ የቡሎኑን ራስ ይገፋል፣ ፑሊውም ለመላቀቅ የሚበቃ ክፍተት ያገኛል። የፑለሩን የመሐል ቡሎን ሩብ ዙር፣ ትንሽ ዕረፍት። እንደገና ሩብ ዙር። መዶሻ አልነካሁም፤ ምቱ ወደ ሻፍቱ ነው የሚሄደው። ስድስተኛው ላይ ይሁን ሰባተኛው፣ «ጧ!» አለ። ደንግጬ ቁልፉን ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ፑሊው በእጅ ወጣ።

አሮጌው ሲል እንደ ፕላስቲክ ደርቋል። ሻፍቱን እንዳልጭር ተጠንቅቄ አወጣሁት። ሻፍቱ ላይ ጥፍር የማይይዘው ስስ መስመር ነበር፤ አዲሱን ትንሽ ወደ ውጭ አድርጌ ገጠምኩት፣ ከንፈሩ (ሻፍቱን የሚነካው ጠርዙ) ያልተበላ ቦታ ላይ እንዲያርፍ። ከንፈሩን አስቀድሜ ዘይት ቀባሁት። የሞተሩን የአየር መተንፈሻ ቫልቭም አውጥቼ ስወዘውዘው ድምፅ የለውም፣ ተደፍኗል። እሱ ሲደፈን ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። ለካ ሲሉ ብቻውን አልነበረም ጥፋተኛው። እሱንም ቀየርኩ።

እና ልግዛው ትላላችሁ? ዛሬ ጠዋት ብትጠይቁኝ አዎ ነው መልሴ። ያ ብረት ብቻውን የሳጥኑን ዋጋ መልሷል። ግን አዲስ ፑሊ የገዛሁት በእነዚያ ሦስት ክንዶች ምክንያት ነው፤ ትዝ ሲለኝ አንጀቴ ያርራል፣ መልሴም ይገለበጣል። ሥዕሉን ከሳጥኑ ላይ ያንሡት! ክንዶቹን ለኩሽኔታ አቆይቻለሁ። ብረቱን ግን ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ።

አዲሱ ሲል ከገባ አምስተኛ ሳምንቱ ነው። መኪናው ሥር ያነጠፍኩት ካርቶን እስከ ዛሬ ደረቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ግን ጎንበስ ብዬ ማየቴን አልተውኩም።