ጋርሚን ኑቪዬን በ40 ዶላር ሸጥኳት፣ አሮጌ ጂፒኤስ ለመግዛት ያሰበ ካለ ያንብብ

ባለፈው ሳምንት የመኪናዬን ጂፒኤስ፣ ያለህበትን ከሳተላይት አውቃ መንገድ የምትመራዋን እቃ፣ ሸጥኩ። ስልክ እያለ ማን ይገዛል እንደምትሉ አውቃለሁ፣ ሚስቴም ያለችኝ ይሄንኑ ነው፣ እንዲያውም "ጣላት በቃ፣ መሳቢያውን ሞላችው" ብላኝ ነበር። ግን ተሸጠች። እንደዚህ አይነት እቃ የብዙ ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጧል፣ ለጉዞ አሮጌ ልግዛ የሚልም አይጠፋም፣ ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

ጋርሚን ኑቪ 255ደብልዩ ትባላለች፣ ስክሪኗ 4.3 ኢንች ነው፣ የመንገዱን ስም እየጠራች ትናገራለች። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አዲስ የገባሁ ጊዜ ያለሷ ከቤት አልወጣም ነበር፣ ቤልትዌዩ (ዋሽንግተንን የሚዞረው ቀለበት መንገድ) ላይ መውጫ አምልጦኝ ቨርጂኒያ ድረስ ሄጄ የተመለስኩባቸው ቀናት ራሱ አሉ፣ እሷ ግን ሳትቆጣ "ሪካልኩሌቲንግ" (እንደገና እያሰላሁ ነው) ትልና መንገዱን ታስተካክላለች። ቃሏ ቤታችን ቀልድ ሆኖ ቀረ፣ እናታቸው ሀሳቧን በቀየረች ቁጥር ልጆቹ "ሪካልኩሌቲንግ" ይላሉ።

ጥቅሟ በደንብ የገባኝ ግን በ2014 ለሰርግ ፍራንክፈርት ስንሄድ ነው። ያኔ በስልኬ ሮሚንግ፣ ማለት ውጭ አገር ሆኖ ኢንተርኔት መጠቀም፣ የሚነካ አልነበረም፣ ስለዚህ የአውሮፓ ማፕ ያለበትን ሚሞሪ ካርድ ገዝቼ ከተትኩባት፣ ምክንያቱም እዚህ የተገዛችው የሰሜን አሜሪካን ማፕ ብቻ ነው ይዛ የምትመጣው። መጀመሪያ ቀን የተከራየነው መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ ሳተላይት አላገኝ አለች፣ ተበላሸች ብዬ ደነገጥኩ፣ ለካ የቆምነው ከመሬት በታች ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ነው! ሰማይ ካላየች ምን ታድርግ። ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የበራችው ሜሪላንድ ስለሆነ የምትፈልገው እዛ ያሉትን ሳተላይቶች ነው፣ እንደዚህ ርቃ ስትነቃ ጊዜ ይፈጅባታል፣ የሳተላይቶቹን ሙሉ መረጃ ከሰማይ ለመቀበል ብቻ 12 ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። አውጥታችሁ ሜዳ ላይ አብሯትና ቡናችሁን ጠጡ። ከተገናኘች በኋላ ኢንተርኔት የለ ዳታ የለ፣ ዝም ብላ ትሰራለች፣ መቀበል እንጂ መላክ የለባትምና ቢል የሚባል ነገር አይመጣም።

ከፍራንክፈርት ኤ5 የሚባለውን የጀርመን አውራ ጎዳና ይዘን ስዊዘርላንድ ባዝል ድረስ ነዳን። የአክስቴ ልጅ ከመነሳታችን በፊት "የራዳር ማስጠንቀቂያ ካለባት አጥፋ" አለኝ፣ እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፣ ግን ቁም ነገር ነው፣ የፍጥነት ካሜራ የሚጠቁም መሳሪያ ጀርመንም ስዊዘርላንድም እየነዱ መጠቀም ክልክል ነው፣ ስዊዞቹ እቃውንም ሊወስዱት ይችላሉ። አሮጌ የሚገዛ ሰው የድሮው ባለቤት ምን ጭኖባት እንደነበር አያውቅምና ይሄን ይፈትሽ። የሳቅነው ግን በድምጿ ነው፣ የአሜሪካ እንግሊዝኛዋን ሳልቀይር ስለሄድኩ የጀርመን መንገድ ስም ስትጠራ እኛ ቀርቶ ጀርመኖቹም አያውቁትም።

አዲስ አበባም ወስጃት ነበር። ማፕ ሳልጭን ስለሄድኩ ቀስቷ ባዶ ስክሪን ላይ ብቻዋን ስትንሳፈፍ ዋለች። በሚቀጥለው ጊዜ ከኦፕንስትሪትማፕ (በጎ ፈቃደኞች ከሚሰሩት ክፍት ካርታ) የተሰራ ነፃ ማፕ አውርጄ ጫንኩባት፣ ዋና ዋናውን መንገድ በደንብ አሳየችኝ፣ ግን የኛ ሰው አድራሻ "ማደያውን አልፈህ፣ ከዛ ደውልልኝ" ነው፣ እሱን የትኛውም ማሽን አይችለውም።

እና ሽያጩ። መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ አንድ የታወቀ የአሮጌ እቃ መሸጫ ላይ 60 ዶላር ብዬ ለጠፍኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሶስት ሰው ጻፈልኝ፣ ደስ አለኝ፣ ሶስቱም አጭበርባሪ! አንዱ "ከዋጋው በላይ ቼክ እልክልሃለሁ፣ ትርፉን እቃውን ለሚወስደው ሰው ትሰጠዋለህ" አለኝ። ቼኩ ባንክ ገብቶ ከቀናት በኋላ ውሸት መሆኑ ይታወቃል፣ የሰጠኸው ብር ግን ያንተ ነው የሚቀልጠው። እንደዛ የሚላችሁ ካለ መልስም አትስጡ።

በመጨረሻ የተሸጠችው በሰው በሰው ነው። አንድ ትልቅ ሰው፣ ጣልያን ቦሎኛ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ፣ ቡና ቤት ተገናኘን። "ጋሼ፣ ስልክ የሎትም እንዴ?" አልኳቸው። "ስልኬማ አለ፣ ሰው ሲደውልልኝ ግን ካርታው ይጠፋብኛል፣ እሱን ስፈልግ መንገዱ ያልፈኛል" አሉ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልሰማሁም። ከ60 ተነስተን "ለአባትህ ነው የምትሸጠው?" ምናምን ተባብለን የአውሮፓ ማፕ ያለበትን ካርድ ጨምሮ 40 ላይ ተስማማን። ካርዱን ለብቻው ብሸጠው የተሻለ ያወጣ ነበር መሰለኝ፣ ምክንያቱም በካርድ የተገዛ ማፕ ከካርዱ ጋር ነው የሚሄደው፣ የትኛውም የሚስማማ ኑቪ ላይ ይሰራል፣ አውርደህ የጫንከው ግን ከዛችው አንድ እቃ አይወጣም። "የዕድሜ ልክ ማፕ አለው" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁም ተጠንቀቁ፣ ዕድሜ ልክ የሚባለው የገዢውና የእቃው እንጂ ለሁለተኛ ባለቤት የሚተላለፍ አይደለም።

የኔ ካርድ የድሮ መሆኑን ለጋሼ በግልፅ ነገርኳቸው። በተለይ ጣልያን ከተሞች መሃል ላይ ያልተፈቀደለት መኪና የማይገባበት ሰፈር አለ፣ ካሜራ ታርጋህን ያነሳና ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤትህ ይመጣል፣ አሮጌ ማፕ ደግሞ ቀጥ አድርጎ ሊያስገባህ ይችላል። "መሃል ከተማ ልጅዎት ትንዳ" አልኳቸው።

ከመስጠቴ በፊት ዳታውን አጠፋሁ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። "ሆም" ብለህ ያስቀመጥከው የቤትህ አድራሻ እኮ ነው! በነዚህ ኑቪዎች ላይ የስክሪኑን ታች ቀኝ ጥግ በጣት ተጭኖ ይዞ ማብራት ነው፣ ሁሉንም ላጥፋ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ አብርታችሁ ቀኑን እዩ፣ የጂፒኤስ የሳምንት ቆጠራ 1024 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ መጨረሻ የተመለሰው በአፕሪል 2019 ነው፣ ከዛ ወዲህ አፕዴት ያልተደረገ አንዳንድ እቃ ቀኑን ያዛባል። የመኪና ቻርጀሯም የራሷ ይሁን፣ ተራ የዩኤስቢ ገመድ ስትሰኩባት ከኮምፒውተር ጋር የተገናኘች ይመስላትና የኮምፒውተር ስዕል አሳይታ መንገድ መምራት ታቆማለች። ባትሪው ላይ ብዙም ተስፋ አታድርጉ፣ የኔዋ በአዲስነቷ ሰዓታት ትቆይ ነበር፣ አሁን ከቻርጀር ስትነቀል ግማሽ ሰዓት ከሰራች ጥሩ ነው፣ እርጅና ነው።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ለእቃዋ 4 ከ5፣ በ60 ዶላር ግን አትግዙ፣ 30 እና 40 ይበቃታል፣ እሱም ማፕና ቻርጀር ካላት ነው። ጋሼ ቦሎኛ ደርሰው ትናንት ደወሉልኝ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ "አንተ ልጅ፣ ይቺን ሴትዮ ዝም የሚያሰኛት የቱ ጋ ነው?"