የሪቮልቨር ሲሊንደር ጉሮሮ በፒን ጌጅ መለካት፦ 250 ፒን ያለው ስብስብ ገንዘቡን ያወጣል?

እዚህ የምንገመግመው ከ0.251 እስከ 0.500 ኢንች የሚሄደውን «ዜድ ዜድ ማይነስ» በሚባል የትክክለኛነት ደረጃ የተሠራውን የፒን ጌጅ ስብስብ ነው፤ ፒን ጌጅ ማለት ውፍረቱ በትክክል የታወቀ፣ ቀዳዳ ውስጥ እየገባ ስፋቱን የሚለካ የብረት ዘንግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቨርሞንት ጌጅና ሜየር ጌጅ ያመርቱታል፤ ከውጭ የሚገባው ርካሹም ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ባጭሩ፦ ጉሮሮ ሳይጫር ለመለካት ከፒን የሚሻል መሣሪያ የለም፤ ሙሉው ስብስብ ግን አንድ ሪቮልቨር ላለው ሰው ትርፍ ወጪ ነው።

ጉሮሮ የምንለው በሲሊንደሩ (ጥይቶቹን በሚይዘው ተሽከርካሪ ክፍል) ቀዳዳ ውስጥ ከቀለሁ አፍ ፊት ያለውን፣ ዓረሩ ወደ አፈሙዝ (ወደ ሽጉጡ ቱቦ) ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበትን ጠባብ ክፍል ነው። ከአፈሙዙ የውስጥ ስፋት ከጠበበ የእርሳሱን ዓረር ቀድሞ ይጨምቀዋል። የተጨመቀው ዓረር አፈሙዙ ውስጥ ይላላል፣ ትኩስ ጋዝ በጎኑ ያመልጣል፣ እርሳሱም ቀልጦ አፈሙዙ መግቢያ ላይ ይጋገራል። የ.45 ኮልት ጥይት የሚተኩሱ ሪቮልቨሮች በዚህ ይታወቃሉ፤ 0.452 ኢንች ዓረር ለሚተኩስ መሣሪያ 0.450 ጉሮሮ ያላቸው አሉ፣ 0.456 የሚደርሱ አሮጌዎችም አሉ።

ካሊፐር (ባለ መንጋጋው መለኪያ) እዚህ ቦታ የለውም። የውስጥ መንጋጋው ጫፍ ጠፍጣፋ ስለሆነ ክብ ቀዳዳ ውስጥ የሚነካው በጠርዙ ነው። ጠፍጣፋው 1 ሚሊሜትር ቢሆን 9.1 ሚሊሜትር ቀዳዳ ላይ 0.055 ሚሊሜትር፣ ማለትም ከሁለት ሺኛ ኢንች በላይ አሳንሶ ያነባል። የምንፈልገው ግማሽ ሺኛ ነው! ያ ጠርዝ ሲዞር ደግሞ ጭረት ይተዋል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሽጉጡ ጥይት አለመጉረሱን አይቶ ሲሊንደሩን ማውጣት። ጉሮሮዎቹን በነሐስ ብሩሽና በማጽጃ ፈሳሽ እርሳሱ እስኪለቅ መወልወል፤ የቀረ እርሳስ ቀዳዳውን ጠባብ ያስመስላል፣ ፒኑንም ይነክሰዋል። የፒኑን ጫፍ በጥፍር ዳሰስ አድርጎ ሻካራ ከሆነ በደቃቅ የዘይት ድንጋይ ማለስለስ፣ ከዚያ በቀጭኑ ዘይት ቀብቶ መጥረግ። ሲሊንደሩን የፊት ገጹን ወደ ላይ አድርጎ የታጠፈ ጨርቅ ላይ ማቆምና ከትንሹ ፒን መጀመር። በራሱ ክብደት ወርዶ የሚወድቅ ከሆነ ቀዳዳው ይሰፋል ማለት ነው። በጣት ለስለስ ባለ ግፊት የሚገባው ትልቁ ፒንና ጨርሶ እምቢ ያለው ቀጣዩ ይመዘገባሉ። ስድስቱንም ቀዳዳ ቁጥር ሰጥቶ ለየብቻ መለካት ግድ ነው፤ አንዱ 0.357ን እምቢ ብሎ ሌላው 0.360ን ካስገባ፣ ኢላማው ላይ ጥይቱ ለምን እንደሚበተን ታወቀ።

ፒን የሚጣበቀው ብዙ ጊዜ ተንጋድዶ እንደገባ የጠረጴዛ መሳቢያ ሆኖ ነው። በመዶሻ መምታትም ሆነ በፒንሳ ይዞ መጠምዘዝ ነገሩን ያበላሸዋል። ዘይት ጠብ አድርጎ ከኋላ በኩል በእንጨት ዘንግ ቀስ ብሎ መመለስ ይበቃል። ፒኑ ከሲሊንደሩ ብረት በጣም ይጠነክራል፤ ስለዚህ የተፋጨው ፒን ሳይሆን ጉሮሮው ነው የሚጫረው። በፒንሳ የተነከሰ ፒን ደግሞ ለሌላ ሲሊንደር አይመለስ።

ስለ ትክክለኛነቱ፦ «ማይነስ» ማለት 0.358 ተብሎ የተጻፈበት ፒን ከ0.3578 እስከ 0.3580 ያለው ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ለዚህ ሥራ ይህ ከበቂ በላይ ስለሆነ የበለጠ ጥብቅ ለሆነው «ኤክስ» ደረጃ ተጨማሪ መክፈል አያዋጣም። በርካሾቹ ስብስቦች ላይ ግን ፒኑ በተሳሳተ ቀዳዳ ተቀምጦ ሊመጣ ይችላል፤ የምትጠቀሙባቸውን አስቀድማችሁ በማይክሮሜትር (በደቃቅ ውፍረት መለኪያ) አረጋግጡ። ብረቱ ዝገት የሚይዘው ዓይነት ነው፣ የጣት ላብ ይበላዋል፤ ከሥራ በኋላ ዘይት አይርሱት።

ፒን የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። የሚያሳየው ጠባቡን ቦታ ብቻ ነው፤ ጉሮሮው ወደ ኋላ እየሰፋ ቢሄድ አያውቀውም። ለዚያ የተሰነጠቀ ኳስ ያለው የትንሽ ቀዳዳ ጌጅ፣ ከማይክሮሜትር ጋር፣ በተለያየ ጥልቀት ይለካል። ርካሽ ነው፣ ግን እጅ መልመድ ይጠይቃል፤ አጥብቆ የከፈተው ሰው የተሳሳተ ቁጥር ያነባል።

የስብስቡ ትልቁ ጉድለት በአንድ ሺኛ መዝለሉ ነው፤ 0.3575 ውስጡ የለም። ለ.38 እና ለ.357 ጥይት ሪቮልቨሮች ስድስት ነጠላ ፒን ግዙ፦ 0.356፣ 0.357፣ 0.3575፣ 0.358፣ 0.3585፣ 0.359። ለ.45 ኮልት ከ0.449 እስከ 0.456 ያሉት ይበቃሉ። ሙሉው ስብስብ የሚያዋጣው የተለያየ መጠን ያላቸው ብዙ ሪቮልቨሮች ለሚያገላብጥ ጠጋኝ ነው።