ፋው ሃ ኤስ ሌርንፖርታል፦ ስለ ስራ እቅዳችሁ በጀርመንኛ ማውራት ለከበዳችሁ

ጀርመን ስራ ላይ ያላችሁ ወይ አውስቢልዱንግ (የሙያ ስልጠና) የጀመራችሁ፣ ዛሬ ስለ ፋው ሃ ኤስ ሌርንፖርታል ልንገራችሁ፣ በተለይ ስለ ቢ2 ቤሩፍ ኮርሱ፣ ማለት ለስራ የሚሆነው የቢ2 ደረጃ ጀርመንኛ። ያዘጋጀው የጀርመን ፎልክስሆኽሹሌዎች (የጎልማሶች ትምህርት ቤቶች) ማህበር ነው፣ ኦንላይን ነው፣ ነፃ ነው፣ ተመዝግቦ መጀመር ብቻ፣ ለስልክም አፕ አለው።

እኔ ነርስ ነኝ። ከታካሚም ከባልደረባም ጋር ማውራት አይከብደኝም፣ ግን ስለራሴ እቅድ፣ ምን መማር እንደምፈልግና የት መድረስ እንደማስብ ስጠየቅ ወሬው "ኢሽ ሞሽተ በሰር ዶይች ሌርነን" (ጀርመንኛ በደንብ መማር እፈልጋለሁ) ላይ ያልቅብኝ ነበር። ከዚ በፊት ከፍዬ የተማርኩበት አንድ ቦታ ለኢንተርቪው ብሎ የሚያሸመድደን ዓረፍተ ነገር ነበረው፣ ሁላችንም አንድ አይነት መልስ ይዘን ወጣን፣ ጠያቂው "ለምን?" ብሎ አንዴ ሲጨምር የሚመለስ የለም።

እዚህ ግን ትፅፋላችሁ፣ የፃፋችሁትን ደሞ ሰው ያየዋል፣ ኦንላይን ቱተር አርሞ ይመልስላችኋል። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የፅሁፍ ስራ በመጣ ቁጥር የራሴን ጉዳይ ነው የማስገባው፣ ፕራክሲስአንላይተሪን መሆን ስለምፈልግ፣ ማለት የነርስ ተማሪዎችን ስራ ላይ የምታሰለጥን ሰው፣ ለዛ ቢያንስ 300 ሰዓት ቫይተርቢልዱንግ (ተጨማሪ የሙያ ስልጠና) ያስፈልጋል፣ ከዛም በየአመቱ 24 ሰዓት ፎርትቢልዱንግ (እውቀት ማደሻ ስልጠና) አለ፣ እና ይሄን ሁሉ ከነምክንያቱ መፃፍ ስጀምር ነው "ኢሽ ሃበ ፎር" (አስቤያለሁ) እና "ማይን ፂል ኢስት ኤስ" (ግቤ ... ነው) ብሎ ግሱን ከነ "ፁ" መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ፣ ምክንያት ሲሆን "ቫይል" ዓላማ ሲሆን "ኡም ፁ" ማለት እጄ ላይ የገባው። ግራመሩን ለፈተና ብዙዎቻችን አጥንተነዋል፣ የራስ እቅድ ላይ ሲውል ግን ሌላ ነው።

ሚትአርባይተርጌሽፕሬሽ ላይ፣ ያው ከአለቃ ጋር ለብቻ የሚደረገው የስራ ውይይት፣ "ማደግ እፈልጋለሁ" ብሎ ዝም ማለት አያዋጣም፣ የትኛው ስልጠና፣ እስከ መቼ፣ ለሽታፅዮኑ (ለምንሰራበት ክፍል) ምን ይጠቅማል የሚለው ነው የሚጠበቀው። እኛ ደሞ ስለራስ ማውራት ነውር ነው ተብለን ስላደግን ነገሩ የቋንቋ ብቻ አይደለም፣ አንዴ በፅሁፍ ከወጣ ግን አፍም ይከተላል።

መናገር ለብቻ ቁጭ ብሎ በደንብ አይለመድም፣ የትኛውም ኦንላይን ኮርስ ላይ ያው ነው። እኔ የታረመልኝን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ስልኬ ላይ ቀድቼ አዳምጣለሁ፣ ከዛ ወረቀቱን ሳላይ እደግመዋለሁ፣ በጣም ረድቶኛል። የቴልክ ወይ የጎተ ሰርተፊኬት የተጠየቀ ሰው ደሞ ፈተናውን ለብቻው መቀመጥ አለበት፣ ኮርሱ እሱን አይተካም። ክፍል ገብቼ ልማር የሚል ሥራ ፈላጊ በባምፍ (የጀርመን የስደተኞች ጉዳይ መስሪያ ቤት) ስር ስላለው ቤሩፍስሽፕራኽኩርስ (የስራ ቋንቋ ኮርስ) የስራ ቢሮዎቹን፣ አርባይትስአገንቱር ወይ ጆብሴንተር ይጠይቅ።

ቢ1 ያልጨረሰ ሰው ግን ቀጥታ ቢ2 ቤሩፍ ውስጥ ባይገባ እመክራለሁ፣ ፅሁፎቹ ይከብዱታል፣ እዛው ፖርታል ላይ ከኤ1 ጀምሮ እስከ ቢ1 ያሉት ኮርሶች አሉ፣ እነሱም ነፃ ናቸው።