ደብረ ማርቆስ ላይ የአባዬን ሞተር ያጠቡልኝ ሰዎች

ለጥምቀት ገብቼ አንድ ወር ተኩል ደብረ ማርቆስ ቆይቼ ነው የተመለስኩት፣ ስለ ሆቴሉና ስለ መኪና ኪራዩ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፣ አሁን ግን ስለ ሞተር ሳይክል እጥበት ነው መጻፍ የፈለግኩት ምክንያቱም ውጭ ያለን ሰዎች ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ዓመታት የቆመ ሞተር ወይ መኪና ያለን ብዙ ነን፣ ስንገባ ደሞ በሁለት ቀን አሳምረነው እንሂድ ብለን የማይሆን ቦታ እንወስደዋለን፣ እኔም እንደዛ ነው ያረግኩት።

ሞተሯ የአባዬ ናት፣ ያማሃ ኤጂ 100፣ ያቺ የግብርና ሰዎች ገጠር ለገጠር የሚነዷት፣ ካቴናዋ ሙሉ ለሙሉ የተሸፈነ፣ ከኋላ ሰፊ ፖርቶመጋላ ያላት። በጨረታ ነው የገዛት። እሱ ካረፈ በኋላ ጎተራው ጥግ ቆማ ዶሮ ሲያድርባት ከረመች። የእህቴ ልጅ ደሞ ገጠር አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ በየቀኑ በእግሩ ነው የሚመላለሰው፣ ስለዚህ ለሱ ትሁን ብለን ተስማማን፣ ግን ስም ለማዛወር የሻንሲ (የብረት አካሏ) ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳከር አለበት፣ የሻንሲ ቁጥሩ ያለው ማኑብሪው፣ ማለት መሪው፣ የሚገባበት አንገት ላይ ነው፣ እዛ ቦታ ላይ ደሞ ግራሶና አቧራ ተጋግሮ እንደ ጭቃ ምርጊት ደርቋል፣ አንድ ቁጥር አይታይም።

መጀመሪያ የወሰድኳት አስፋልት ዳር ያለ አንድ ላቫጆ ነው፣ ስሙን አልጠራም። 150 ብር ከፍዬ ቆሜ አየሁ። ገና ከመንገድ ገብታ ሞተሩ እንደጋለ በፕሬሸር ውሃ ለቀቁባት። ቆይ ይብረድ እንጂ ብል ማን ሰምቶኝ፣ የጋለ ሲሊንደር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ሲያርፍ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ የውሃው ግፊት ደሞ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ውስጥ ያለውን ግራሶ ያወጣና በምትኩ ውሃ ያስገባል፣ ዛሬ አይታወቅም፣ ከወራት በኋላ ጎማው ሲንገጫገጭ ነው የሚታወቀው። ማርሚታውንም (የጭስ ማውጫውን) የአየር ማጣሪያውንም አልሸፈኑም። የሚገርመው ያ ሁሉ ውሃ ፈሶ የላዩ አቧራ ብቻ ነው የሄደው፣ ዘይት ያለበት እድፍ እንዳለ ነው፣ ዘይትን ውሃ አይፈታውማ።

ከዛ አጣቢው ልጅ ነጭ ዱቄት በባልዲ በጥብጦ አመጣ። ምንድነው ስለው ኮስቲክ ሶዳ ነው፣ ሳሙና የሚሠራበት፣ ምንም አይተወውም አለኝ። እውነቱን ነው ምንም አይተወውም፣ አልሙኒየሙንም ጭምር! የሞተሩ ካሳ፣ ማለት የውጭ አካሉ፣ አልሙኒየም ነው፣ ሲነካው አረፋ እያወጣ ፈላ፣ ወዲያው ውሃ አፍስሱበት ብዬ ጮህኩ፣ እስከዛ ድረስ ግን የግራ ጎኑ ጠቁሮ ነበር፣ አሁንም እንደጠቆረ ነው። ልጁም ጓንት አላደረገም፣ ለእጁም ለዓይኑም አደገኛ ነገር ነው፣ ለሱም አዘንኩ፣ ያሳየው ሰው የለም። የሻንሲ ቁጥሩን ደሞ ግራይንደር ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጥመን እናወጣዋለን ሲሉኝ በቃ ይዣት ወጣሁ። ቁጥሩ የተመታው ጥልቀት በሌለው ምት ነው፣ በግራይንደር ከተበላ ሞተሯ ሰነድ አልባ ሆነች ማለት ነው።

ሁለተኛው ቦታ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች በቆርቆሮ የተሠራች ትንሽ ጋራዥ ናት፣ የእህቴ ልጅ ነው የወሰደኝ። ሃያ ምናምን ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው የሚሠራው። አይቷት ቁጭ አለና በጣቱ እድፉን ጫር ጫር አድርጎ "ጋሼ ይሄ የአንድ ቀን አይደለም፣ ያድራል፣ ነገም ይመጣሉ" አለኝ። ደስ ያለኝ እሱ ነው፣ ቶሎ እጨርሳለሁ አላለም።

አሠራሩን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ውሃ የሚባል ነገር አላስጠጋም። ካርቡራቶሩ የሚስብበትን አፍና ማርሚታውን በፌስታል ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) እና ኮርቻውን አወረደ። ከዛ በነጭ ጋዝ የራሰ ብሩሽ ሻንሲውን ቀባ ቀባ አድርጎ ተወው፣ ሻይ ጠጥተን ተመለስን፣ ያ ድርቅ ያለው እድፍ ለስልሶ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። ለምን በቤንዚን አታረገውም ብዬ ጠየቅኩት፣ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፣ እድፉ ሳይርስ ይደርቃል፣ ደሞ አጠገባችን ብየዳ ቤት አለ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃናለች አለኝ። ነጭ ጋዝም ቢሆን ይቀጣጠላል ግን እንደ ቤንዚን አይደለም። ጎማው መሃል ያለው የፍሬን ቤት ጋ ሲደርስ ጋዙን አቁሞ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ሠራ፣ የፍሬን ሸራ ጋዝ ከነካው አይዝም።

ሲሊንደሩ ላይ ያሉት ቀጫጭን ክንፎች መሃል የገባውን ደሞ በምን እንዳወጣው ታውቃላችሁ፣ በቀርከሃ! ከእንጅባራ በኩል የሚመጣውን ቀርከሃ ጫፉን እንደ ቢላ ስል አድርጎ ይፍቃል፣ ብረት አልሙኒየሙን ይቧጭራል ቀርከሃ ግን እድፉን ብቻ ነው የሚያነሳው። ይቺ ሞተር ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ስለምታቃጥል ማርሚታዋ ጋ የሚተፋው ቅባት ከዋልካው አቧራ ጋር ተጋግሮ ነበር፣ ክንፎቹ በእድፍ ሲደፈኑ ደሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። እሷ ቦታ ላይ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅቷል።

የዛጉትን ብሎኖችና ዳዶዎች ጣሳ ውስጥ አቼቶ ሞልቶ አሳደራቸው፣ ጠዋት በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፈግፍጎ በውሃ አጥቦ ወዲያው አድርቆ ዘይት ቀባቸው፣ ሳይቀባ ቢተው በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል። ኒኬል የተቀባውን ማኑብሪ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን የብር ወረቀት ውሃ እያስነካ አሸው፣ ዝገቱ ለቀቀ፣ አልተጫረም። ኦሞና ለብ ያለ ውሃ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ በስፖንጅ፣ ከዛ በጨርቅ፣ ከዛ ፀሐይ ላይ።

የሻንሲ ቁጥሩን ለብቻው ነው የሠራው። ጋዝ በጨርቅ ነክሮ አንገቷ ላይ ጠምጥሞበት ሰዓት ጠበቀ፣ ከዛ በጥርስ ብሩሽ በቀስታ፣ እየጠረገ እያየ። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ሲወጡ የእህቴ ልጅ ሊብሬውን ይዞ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር፣ የመጨረሻዋ ስትገጥም ሁለታችንም ዝም አልን። ሊብሬው ላይ ያለው የአባዬ ስም ነው፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው፣ የተጠቀመበትን ጋዝ ቦይ ውስጥ ነው የደፋው። ክረምት ሲመጣ ያ ሁሉ ወንዝ ይገባል፣ ከብት ይጠጣዋል። አልኩት፣ ተቆጥቶ አይደለም እሺ አለኝ፣ በሁለተኛው ቀን ጀሪካን ውስጥ አጠራቀመው፣ እድፉ ሲዘቅጥ ላዩን ቀድቶ ለሚቀጥለው ሞተር እንደሚጠቀምበትም አየሁ፣ ወጪም ይቆጥብለታል።

ለሁለት ቀን ሥራ 900 ብር ጠየቀኝ። እዚህ ካናዳ ካልጋሪ ክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን መኪናዬን ከሥር ለማሳጠብ ብቻ የምከፍለው ከዛ ይበልጣል። ጨምሬ ልሰጠው ስል "ጋሼ ብሩ ይበቃል፣ ከቻሉ የነሐስ ብሩሽ ይላኩልኝ" አለ፣ የነሐስ ሽቦ ከብረት ስለሚለሰልስ ዝገቱን አንስቶ ሻንሲውን አይቧጭርም፣ እዛ ፈልጎ አጥቶታል። ስም ዝውውሩ አልቋል፣ የእህቴ ልጅ እየነዳት ነው። ብሩሾቹን ስድስት ፍሬ ገዝቻለሁ፣ ለፋሲካ ከሚገባ ሰው ጋር ይሄዳሉ።