እሳት የማያውቀው አረንጓዴ ሻይ፦ የሃሪዮ ጠርሙስና የሚገባበት ቅጠል

አረንጓዴ ሻይ መራራ ነው የሚል ሰው፣ ብዙውን ጊዜ የቀመሰው በፈላ ውሃ የተቀቀለውን ነው። እኛ ሻይ የምናውቀው ማንቆርቆሪያ ላይ ተንተክትኮ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ገብቶበት፣ ከስኳር ጋር ነው። ቀይ ሻይ ይህን ሁሉ ይችላል። አረንጓዴው ግን እንደዚያ ሲደረግ ምላስ ያደርቃል፣ ጉሮሮ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ «ለጤና ነው» ተብሎ ዓይን ጨፍኖ የሚጠጣ መድኃኒት ይሆናል። ያን ሻይ የጠላ ሰው አልተሳሳተም። ግን ያው ቅጠል በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ ሌላ መጠጥ ነው የሚወጣው። ለዚሁ ሥራ የገዛሁት ጠርሙስ ዋጋውን ያወጣል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ስለበዙ፣ ስለ ጠርሙሱም ስለ ቅጠሉም የማውቀውን ልጻፍ።

የምኖረው ዱባይ፣ ዴራ ነው። የምሠራው ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ስለሆነ ቀኑን የማሳልፈው በማድረቂያና በካውያ እንፋሎት መሀል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የውጪው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ማታም ቢሆን ብዙ አይበርድም። የውሃው ታንከር ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል፣ ቀዝቃዛ የሚባለው ቧንቧ ራሱ ሙቅ ውሃ ነው የሚያወርደው። እንዲህ ባለ ወቅት የሚያምረው ቀዝቃዛ ነገር ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ የሚሸጠው ቀዝቃዛ ነገር አብዛኛው ስኳር ነው። ከረክ የሚሉት የእዚህ አገር ሻይ ወተትና ስኳር ነው፣ በጾም አይሆንም። ውሃ ብቻ መጠጣትም ይሰለቻል። ማታ ተዘፍዝፎ አድሮ ጠዋት ተይዞ የሚወጣ፣ ስኳር የሌለበት ግን ጣዕም ያለው መጠጥ ማግኘት ለእንደኔ ዓይነቱ ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው።

ጠርሙሱን የሚሠራው ሃሪዮ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ የተቋቋመ፣ ሙቀት በሚችል መስታወት የታወቀ ድርጅት ነው። ካፌ የሚሠሩ ልጆች ቪ60 የሚሉትን የቡና ማንጠባጠቢያ ያውቁታል፤ እሱም የሃሪዮ ነው። የእኔ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ አንገቱ ቀጠን ያለ ነው፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ፍሪጁ በር ላይ ይቆማል። የመስታወቱ ገላ አለ፣ ከላዩ የሚጠለቅ የሲሊኮን አፍ አለ፣ አፉ ውስጥ የተሰካ ወንፊት አለ፣ ከዚያ ትንሽ ውታፍ። በቃ።

ብልሃቱ ያለው ወንፊቱ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ብዙዎቹ ማጥለያ ያላቸው ጆጎች ቅጠሉን መሀል ላይ ባለ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ያፍኑታል፤ ቅጠሉ ሲያብጥ ቱቦውን ይሞላዋል፣ ውሃው እንደልቡ አይመላለስበትም። እዚህ ግን ቅጠሉ በጠርሙሱ ሙሉ ነጻ ነው። ወንፊቱ ሥራ የሚጀምረው ስትቀዱ ብቻ ነው። ለእኔ ለዚህ ሲባል ብቻ እንኳ ጠርሙሱ ይመሰገናል። አፉ ሲነቀል ደግሞ እጅ ባይገባም ረጅም ብሩሽ እስከ ግርጌው ይደርሳል። ያደረው ቅጠል ውሃ ጨምረው ሲገለብጡት ተሰብስቦ ይወርዳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። 10 ግራም ቅጠል፣ ሚዛን ለሌለው ሞላ ያለ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ በደረቁ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ቀዝቃዛ ውሃ እስከ አንገቱ ይሞላል፣ አፉ ይጠለቃል፣ ይወተፋል፣ ፍሪጅ ይገባል። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃዋል፤ ሌሊቱን ቢያድርም አይከፋም። እኔ ማታ ነው የምዘፈዝፈው። ጠዋት ስከፍተው ቅጠሉ ግርጌው ላይ ተኝቶ ይጠብቀኛል። ማታ መርፌ መስሎ የገባው ጥቅልል ተፈትቶ፣ የአንዳንዱ ጠርዝና ጅማት ሳይቀር ይታያል። ውሃው ከላይ ገርጣ ያለ ቢጫ፣ ወደ ታች ሲወርድ ግን እየደመቀ የሚሄድ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ከመቅዳቴ በፊት ጠርሙሱን ቀስ አድርጌ አንዴ ሁለቴ አዘነብለዋለሁ። ያለበለዚያ የመጀመሪያው ብርጭቆ ውሃ ውሃ ይላል፣ የመጨረሻው ይወፍራል። መናጥ ግን አያስፈልግም፤ ሲናጥ ቅጠሉ ይሰባበርና ይደፈርሳል።

አፍ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ጣፋጭነት ነው፣ የስኳር ያልሆነ። ቀጥሎ ምላስ ላይ የሚቆይ፣ መረቅ መረቅ የሚል ሙላት አለው። ምሬቱ መጨረሻ ላይ ትንሽ ብቻ ብቅ ይላል፤ እሱም ባይኖር ሻይነቱን አናውቅለትም ነበር። ምክንያቱ የሚገኘው ቅጠሉ ውስጥ ነው። ምላስ የሚያደርቀው ካቴኪን የሚባለው ነገር ነው፣ ምሬቱን ካፌይንም ይጨምርበታል። ሁለቱም ሙቅ ውሃ ይወዳሉ፣ በቀዝቃዛው ሲወጡ በዝግታና ባነሰ መጠን ነው። ጣፋጩንና ሙላቱን የሚሰጡት አሚኖ አሲዶች፣ በተለይም ቴአኒን፣ በቀዝቃዛ ውሃም ደህና አድርገው ይወጣሉ። ብርዱ ይመርጣል ማለት ነው፤ መራራውን አብዛኛውን ቅጠሉ ላይ ይተወዋል። ካፌይን የለውም ማለት ግን አይደለም። እንቅልፍ የሚነሳችሁ ሰዎች ከመኝታ በፊት አትጠጡት።

አሁን ስለ ቅጠሉ። ከጠርሙሱ ይልቅ ገንዘብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፣ ሰው ግን የሚያደርገው የተገላቢጦሹን ነው፤ ጠርሙሱን ውድ ገዝቶ ያገኘውን ቅጠል ይጨምርበታል። ዱባይ ሻይ አታበቅልም፣ ግን ጀበል ዓሊ ያለው፣ ዲኤምሲሲ የሚባለው የዱባይ የሸቀጦች ንግድ ማዕከል የሻይ ማዕከል ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከብዙ አገር የሚመጣ ሻይ የሚከማችበት፣ የሚደባለቅበትና ወደ ሌላ አገር የሚላክበት ስለሆነ፣ ከተማው ውስጥ የሻይ ዓይነት አይጠፋም። ችግሩ አያያዙ ነው። ገበያ ውስጥ አፉ በተከፈተ ከረጢት፣ ከሄልና ከቅርንፉድ ጎን ተዘርግፎ የሚሸጥ አረንጓዴ ሻይ አይቻለሁ፣ ገዝቼም ቀምሼዋለሁ፤ ቀለሙ ወደ ቡኒ የሄደ፣ ሽታው የጎረቤቱ ቅመም ነው። አረንጓዴ ሻይ ብርሃን፣ አየርና ሽታ ጠላቱ ነው። ብርሃን የማያስገባ፣ በደንብ የታሸገ፣ የምርት ጊዜው የተጻፈበት ካልሆነ አትንኩት። ከከፈታችሁት በኋላም ቶሎ ጨርሱት።

ለዚህ አሠራር ከሞከርኳቸው ሁሉ የምመርጠው የጃፓኑን ሴንቻ ነው። ጃፓኖች የተቀጠፈውን ቅጠል ወዲያው በእንፋሎት ይመቱታል፣ ቻይናዎች በአብዛኛው ብረት ምጣድ ላይ ያምሱታል፤ የሁለቱም ዓላማ ቅጠሉ እንዳይጠቁር ነው። ቀይ ሻይ እንዲጠቁር የተተወው ነው እንጂ ተክሉ አንድ ነው። ከፋ ውስጥ ውሽውሽ፣ ኢሉባቦር ውስጥ ጉማሮ እርሻ ላይ ያለውም ይኸው ተክል ነው። በእንፋሎት የተመታው አረንጓዴነቱን ይዞ ስለሚቀር በብርድ ያ የሣር ሽታና መረቅ መረቅ የሚለው ጣዕም ጎልቶ ይወጣል። በፀደይ የሚቀጠፈው የመጀመሪያው ምርት ቴአኒኑ ብዙ ስለሆነ በጣም ይጣፍጣል፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ግን ደስ የሚለው ነገር፣ በሙቅ ውሃ የሚመርረው መካከለኛ ሴንቻም በቀዝቃዛ ውሃ ይገራል። ለየቀኑ እሱ ይበቃኛል።

ሴንቻ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ፉካሙሺ የሚል ካለ፣ ረዘም ላለ ጊዜ በእንፋሎት የተመታ ማለት ነው፤ ቅጠሉ ተሰባብሮ ደቃቅ ይሆናል። ቶሎ ይወጣል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃዋል፣ ቀለሙ ድፍርስ አረንጓዴ ነው፣ ጣዕሙ ወፍራም። እኔ እወደዋለሁ። ደቃቁ ግን በየትኛውም ወንፊት ስለሚያልፍ፣ ብርጭቆ ግርጌ ላይ ዝቃጭ ማየት የማይፈልግ ሰው ተራውን ሴንቻ ይውሰድ።

በየሱፐርማርኬቱ በርካሽ የሚገኘው የቻይናው ጋንፓውደር ነው፣ ሞሮኮዎች ከናና ጋር የሚያፈሉት፣ ተጠቅልሎ ድብልብል ያለው። በቀዝቃዛ ውሃ ለመፈታት ጊዜ ይፈጅበታል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል፣ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል። ናና ሲገባበት ግን ያምርበታል። በከረጢት የታሰረው ሻይ የመጨረሻ ምርጫዬ ነው። ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ሁለት ከረጢት ለግማሽ ሊትር፣ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ማውጣት። ለእሱ ግን ጠርሙስ አያስፈልግም፣ ማንኛውም ጆግ ይበቃል። ከአገር ቤት የመጣልኝን ቀይ ሻይም ዘፍዝፌዋለሁ፤ ቀለሙ ያምራል፣ ጣዕሙም አይከፋም፣ ለእኔ ግን እሱ ማንቆርቆሪያው ላይ ሲሆን ነው ወግ የሚኖረው።

ቤት ውስጥ አብረውን የሚኖሩ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ታላቃችን አሉ። መጀመሪያ ሲያዩኝ «አንቺ ልጅ፣ እሳት ያልነካው ሻይ ደግሞ ምን ሻይ ነው?» አሉኝ። ቀድቼ ሰጠኋቸው፣ ስኳር ጠየቁ። ስኳር በቀዝቃዛ ነገር ቶሎ ስለማይሟሟ ብርጭቆው ግርጌ ላይ ተቀመጠ፣ እሳቸውም ላዩን ጠጥተው «ይሄ እኮ ስኳሩንም አልፈለገ» አሉና ብርጭቆውን መለሱልኝ፣ እንድደግማቸው። አሁን ጠርሙሱን የሚጨርሱት እሳቸው ናቸው። ደም ማነስ ስላለባቸው ግን አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ ከምግብ ጋር እንዳይጠጡት። ሻይ፣ አረንጓዴውም ቀዩም፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያውካል። በተለይ በጾም ወራት ምግባችን ሽሮና ምስር ስለሆነ፣ ይህ እንደኛ ላሉ ሴቶች ቀላል ነገር አይደለም። «እሺ እትዬ፣ ከምሳ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይተው ይጠጡ» አልኳቸው፣ ተስማሙ።

ነገር መጨመር ለሚወድ ሰው፣ ጠጅ ሳር ከሁሉ ይስማማዋል፤ ሁለት ሦስት ዘንግ ተቆርጦ ከቅጠሉ ጋር ቢዘፈዘፍ ጠረኑ ልብ ያርሳል። ናናም ይሆናል። ሎሚ ከተፈለገ ብርጭቆ ላይ ይጨመቅ እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ አይደር፣ ይኮመጥጣል። ቅርንፉድና ቀረፋ ይቅሩ፤ የሴንቻውን ጣዕም ይውጡታል።

በጥብቅ የምናገረው ስለ ንጽሕናው ነው። እዚህ ውሃው ውስጥ ያለውን ጀርም የሚገድል እሳት የለም፤ ስለዚህ ውሃው ከመጀመሪያው ንጹሕ መሆን አለበት። እኔ የምጠቀመው በትልቁ ፕላስቲክ የሚመጣውን የታሸገ ውሃ ነው፤ ማዕድኑ ያልበዛበት ውሃ ለአረንጓዴ ሻይ ይስማማዋል። ቧንቧ የሚጠቀም ሰው አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ ይዘፍዝፍ። በዚህ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ማሳደር የለም፣ መዘፍዘፉም ማቆየቱም ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ከተዘጋጀ በኋላም ከነገ ወዲያ እንዳያልፍ። አንዴ የወጣለት ቅጠል ያን ቀኑን ደግሞ ውሃ ሊጨመርበት ይችላል። ሁለተኛው ቀለል ይላል፣ ግን ይጠጣል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ጠርሙሱን የገዛሁት መቶ ድርሃም አካባቢ ነው። መስታወት ነው፣ ይሰበራል፤ ልጆች ባሉበት ቤት አስቡበት። እንዲህ ያለ በውታፍ የሚዘጋ ጠርሙስ ሁሉ ቆሞ የሚያድር እንጂ ቦርሳ ውስጥ የሚጋደም አይደለም። ስለዚህ ሥራ ቦታ የምወስደውን ጠዋት ክዳኑ በሚጠመዘዝ ኮዳ ነው የምገለብጠው። ሲሊኮን በባሕርዩ ሽታ ስለሚይዝ፣ እንደኛ በርበሬና ንጥር ቅቤ በሚቀመጥበት የጋራ ፍሪጅ ውስጥ ከሽንኩርቱ ራቅ ማድረግና አፉን ነቅሎ ለብቻው ማጠብ ያስፈልጋል። ወንፊቱም ሲነቀል ውስጡ የሚቀር ቅጠል አለ፣ በጥርስ ብሩሽ ይወጣል።

አንድ ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው ጆግና የሻይ ማጥለያ ያለው ሰው ዛሬ ማታውኑ መጀመር ይችላል፤ ጣዕሙ ላይ የሚያጣው ነገር የለም። ጠርሙሱ የሚያድነው ልፋቱን ነው፤ ጠዋት ለሥራ በሚጣደፉበት ሰዓት አጥልሎ ማጥለያ ማጠብ የለም፣ አዘንብሎ መቅዳት ብቻ ነው። ለእኔ መቶ ድርሃሙን ያወጣው ይህ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የምትችሉ ከሆነ ግን ዘንድሮ ጥሩ ሴንቻ ግዙና በጆግ ዘፍዝፉ፣ ጠርሙሱ ሌላ ጊዜ ይደርሳል።