«ዊንዶውስ 10 ተዘግቷል» ተብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት (ለሐዋሳ ላፕቶፕ ተጠቃሚዎች)

ፒያሳም ሆነ አቶቴ አንዳንድ ጥገና ቤቶች «10 ስለተዘጋ ላፕቶፕህ ሥራ ሊያቆም ነው፣ 11 እንጫንልህ» እያሉ ያስከፍላሉ። እባካችሁ አትቸኩሉ። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያቆመው ነጻውን የደህንነት አፕዴት እንጂ ዊንዶውሱን አይደለም። ማሽኑ እንደ ድሮው ይነሳል። አደጋው ከዚያ ወዲህ የሚገኙት ቀዳዳዎች ሳይደፈኑ መቅረታቸው ነው።

መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን እዩ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ገብታችሁ ከአይ5 ወይም ከአይ7 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 7200 ካለ 7ኛ ጀነሬሽን ነው፣ 8250 ካለ 8ኛ፣ 10210 ካለ 10ኛ። 11 ኢንቴል ላይ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛ በታች አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕም ይፈልጋል። ማሽናችሁ የሚያሟላና 10ሩ ኦሪጅናል ከሆነ አፕግሬዱ ከዊንዶውስ አፕዴት በነጻ ይወርዳል። ጥሩ ዋይፋይ ብቻ ፈልጉ፤ ፋይሉ ብዙ ጊጋ ነው።

ካላሟላ ግን ባለሙያው ሩፈስ በተባለ ፕሮግራም ፍላሽ አዘጋጅቶ ማሽኑ ማሟላቱን የሚያየውን ፍተሻ ያዘልለዋል። መጫኑ ይጫናል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ዓይነት ማሽን አፕዴት እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። አፕዴት ፍለጋ ከፍላችሁ ያለ ዋስትና ትመለሳላችሁ ማለት ነው። የድሮው ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰር ከሆነማ 24ኤች2 ከተባለው የ11 ቨርዥን ጀምሮ ጭራሽ አይነሳም።

ለእነዚህ ማሽኖች የሚሻለው 10 ላይ ሆኖ የተራዘመውን አፕዴት መውሰድ ነው። የ10ሩ ቨርዥን 22ኤች2 መሆን አለበት። ሴቲንግስ፣ አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ «ኢንሮል ናው» የሚለውን ተጫኑ። በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ገብታችሁ ሴቲንጋችሁን ሲንክ ካደረጋችሁ (ከአካውንቱ ጋር ካመሳሰላችሁ) ነጻ ነው፤ አለበለዚያ 30 ዶላር ይጠይቃል። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያገለግላል።

ማሽኑን ለጥገና ቤት የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስበን የዲስኩ ቁልፍ ነው። 24ኤች2 ከባዶ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ በራሱ ይቆለፋል፤ ባለ 48 አሃዙ መክፈቻም መጀመሪያ ወደ ገባው አካውንት ይሄዳል። ሠራተኛው ለመፍጠን በራሱ ኢሜይል ከከፈተው መክፈቻው እሱ ጋ ቀረ። ከወራት በኋላ ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም) ሲነካ ወይም ማዘርቦርድ ሲቀየር ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ 48ቱን አሃዝ ይጠይቃል። ያኔ መክፈቻው ከሌለ የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የሱቁ ሒሳብም አይገኝም።

ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስንና ዳውንሎድስን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። «ዲ ድራይቭ አይነካም» ቢሏችሁም እነዚህ ያሉት ሲ ድራይቭ ላይ ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን የምትጠቀሙ ከፋይል ሜኑ ባክአፕ አውጡ። ስትረከቡ እዚያው ቆማችሁ ሴቲንግስ፣ አካውንትስ ውስጥ የማን ኢሜይል እንዳለ እዩ። የናንተ ካልሆነ ሒሳብ ሳትከፍሉ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽንን አስጠፉና ዲስኩ ተፈትቶ እስኪያልቅ ጠብቁ።